ባለካባው አይንተባተብም ነበር

ቅዳሜ ከሰዓት ልጄ ሃያት ሪሞቱን ሶፋው ላይ ወርውራ «ዋሸኸኝ!» አለችኝ። ያቺን ቃል ደግሞ ሳይይዛት ነው ያወጣቻት...

ሃያት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስታወራ አፏን ይይዛታል። ዘንድሮ ክፍል ውስጥ ስለሳቁባት ጭራሽ መናገር ትታለች። ስም ሲጠራ እንኳን «አቤት» አትልም፣ እጇን ብቻ ታነሳለች። እኔም በልጅነቴ እንደሷው ነበርኩ። ዛሬ ግን እዚሁ ቆቦ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። እንዴት ለቀቀህ ብትሉኝ... አትሳቁብኝና፣ በፊልም ነው።

ያኔ የምንኖረው ዋጃ ነበር። አጎቴ በገበያ ቀን ቆቦ ይዞኝ ሲመጣ ቪዲዮ ቤት ያስገባኛል። የሚታየው ተከታታይ ፊልም ነው። ጠባብ ሰማያዊ ሱሪ ለብሶ፣ ቢጫ ካባ ደርቦ፣ እየበረረ ሰው የሚያድን ጀግና። «ባለካባው» ነበር የምንለው። እንግሊዝኛ ስለማንችል አንድ ሰውዬ የፊልሙን ድምፅ ዘግቶ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ በማይክሮፎን ይተረጉምልናል። መልኩን አይቼው አላውቅም። ባለካባው አፉን ሲከፍት ሰውዬው «አ... አ... አይዟችሁ፣ ደ... ደርሻለሁ!» ይላል። ጀግናው ይንተባተባል! እየተንተባተበ ሕንፃ ያነሳል! እኔ ከዚያ ወዲህ ነው ክፍል ውስጥ እጄን ማውጣት የጀመርኩት።

ይሄን ለሃያት ስንት ወር እንዳወራሁላት አላህ ያውቃል። ፊልሙን ስፈልግ ከርሜ አንድ ደሴ ያለ ጓደኛዬ፣ ሊዘጋ ከነበረ የፊልም ማከራያ ቤት ዲቪዲውን ሙሉውን አግኝቶ ላከልኝ።

ከዚያ መከራዬ ጀመረ። ማጫወቻችን ሲዲ መያዣውን አልከፍት አለ። በቢላ ፈልቅቄ ከፈትኩት። ሲከፈት መብራት ሄደ። መብራት ሲመጣ ሪሞቱ ባትሪ የለውም። ባትሪ ገዝቼ ስመለስ መብራቱ እንደገና ሄዷል! ቅዳሜ ዕለት በመጨረሻ ሠራ። ሃያትን አጠገቤ አስቀምጬ «አሁን ሲያወራ ስሚው» አልኳት።

ባለካባው ብቅ አለ። የተንጠለጠለበት ገመድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የወረወረው ቋጥኝ መሬት ሲያርፍ እንደ ኳስ ነጠረ። ይሁን፣ ይሄን እንኳን እችለው ነበር... ግን አፉን ከፈተ። እንደ ጨረታ አስተዋዋቂ ያንበለብለዋል! አንዲት ፊደል አትይዘውም። ሌባውን አስሮ ሲያበቃ ጭራሽ ስለ ጥርስ መቦረሽ ምክር ይሰጣል። ሁለተኛውን ክፍል ከፈትኩ፣ ያው ነው። ሦስተኛውንም ከፈትኩ... «ዋሸኸኝ!» የመጣችው እዚህ ላይ ነው። ተነስታ ጓዳ ገባችና በሩን ዘጋችብኝ።

በጣም ተናደድኩ። ያንን ተርጓሚ ሳላገኘው አልቀርም ብዬ ድሮ ቪዲዮ ቤቱ የነበረበት ሰፈር ሄጄ ጠየቅሁ። «ጋሽ ይመር ናቸዋ! ሮቢት ልብስ ይሰፋሉ» አሉኝ። እሑድ ጠዋት ሃያትን እያኮረፈች ሚኒባስ ውስጥ ከተትኳትና ሄድን። ዋሾው እኔ እንዳልሆንኩ እሳቸው ራሳቸው እንዲነግሩልኝ ነው።

በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን እየረገጡ ደረስንባቸው።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሽ ይመር።»

«ወ... ወ... ወአለይኩም ሰላም» አሉ ቀና ብለው።

ክው አልኩ። የመጣሁት ለመጮህ ነበር። እንደምንም «ቆቦ ፊልም ይተረጉሙ የነበሩት እርስዎ ነዎት?» አልኳቸው።

ሳቁ። «መ... መተርጎም ካልከው ነው! እንግሊዝኛ የ... የት አውቄ?»

«ታዲያ ጀግናው ይንተባተባል ያሉን ከየት አምጥተው ነው?»

መርገጫውን አቆሙና አጫወቱን። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ዘመዳቸው ነው። አንድ ቀን ተርጓሚው ሲቀርበት እሳቸውን በግድ አስቀመጣቸው። ገና የመጀመሪያዋ ቃል ላይ አፋቸውን ያዛቸው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«እ... እልህ ያዘኝ። "ምን ያስቃችኋል? የ... የሚንተባተበው እሱ ነው፣ እኔ ያ... ያለውን ነው የምነግራችሁ!" አልኳቸው። ወላሂ፣ አ... አመኑኝ። ቤቱ ጭጭ አለ።»

ሰውዬው ይሄን እንደ ቀልድ ነው የሚያወሩት። እኔ ግን ንዴቴ ባሰብኝ። ስንት ዓመት የኖርኩበት ጀግና ለካ የአንድ ልብስ ሰፊ ማምለጫ ነበር! «እኔ እኮ ልጄን በዚህ ፊልም...» ብዬ ልጀምር ስል ከኋላዬ የቆመችው ሃያት ወደ ፊት ወጣች።

«ጋ... ጋ... ጋሼ... ከ... ከዚያ...»

ከንፈሯ ተያዘ። እኔም እንደ ልማዴ ቶሎ ብዬ «ከዚያ በኋላ አልፈሩም ወይ ልትልዎት ነው» አልኳቸው።

ጋሽ ይመር በመነጽራቸው አናት ላይ አፈጠጡብኝ። «አ... አንተን ማን ጠየቀህ? ት... ትጨርስ!»

እሳቸው እጃቸውን ጨርቁ ላይ አሳርፈው ይጠብቃሉ። እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ከአስፋልቱ የሚኒባስ ረዳት «ቆቦ! ቆቦ!» ይላል። ሃያት ዓይኗን ጨፍና ታገለች... ታገለች...

«ከ... ከዚያ... ስ... ስንቱን ክፍል አንተባተቡት?»

«ሁ... ሁ... ሁሉንም!»

ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። ልጄ ሰው ፊት አፏን ሳትሸፍን ስትስቅ ካየሁ ቆይቻለሁ። እኔ ግን ሳቅም አልመጣልኝ...

ያቺ ጥያቄ እኔ ከገመትኳት ጋር ጨርሶ አትገናኝም። እስከ ዛሬ የጨረስኩላት ዓረፍተ ነገር ሁሉ ምን ሊሆን ነበር?