ከመዝሙሩ ቀጥሎ የመጣው የኔ ጩኸት

ዛሬ አማኑኤል ከተማ፣ አጎቴ ቤት፣ በቴፕ መዝሙር እየሰማን ነበር። መዝሙሩ እንዳለቀ የራሴ ድምፅ በሮክ ጊታር ታጅቦ ቤቱን ሞላው!

ድሮ አራት የሠርግ ባንድ ልጆች በትርፍ ጊዜያችን ሮክ ሞክረን አንድ አልበም አውጥተን ነበር። የመጀመሪያውም የመጨረሻውም እሱው ነው። (ደብረ ማርቆስ ውስጥ በሮክ የሚዳር ሙሽራ አልተገኘም።)

እኔ የዘፈንኩት የመጨረሻውን ዘፈን ብቻ ነው። የራሴ ካሴት ከጠፋ ቆይቷል። አጎቴ ደግሞ መሪጌታ ናቸውና፣ የሰጠኋቸው ካሴት ላይ መዝሙር ቀድተውበታል። አልፈረድኩባቸውም።

«የመጨረሻዋን ዘፈን ረስተዋት ነው፣ የኔታ?» አልኳቸው።

«አይ፣ እሷ ላይ የምትጮኸው አንተ ነህ። እንዴት አድርጌ ላጥፋህ?»

እናንተስ፣ ጠፋ ያላችሁትን ነገር ማን ቤት አገኛችሁት?