እትዬ ጥላነሽና የጨው ሰደርያ

እትዬ ጥላነሽን አንድ ተራ ቀን ስንት እንደሚያስወጣቸው ልንገራችሁ፦ ሁለት ጀሪካን ውኃ፣ ልጆች እጃቸውን ነክረው የሚበትኑት አንድ ኪሎ ምስር፣ አንድ ንክሻ፣ አንዳንዴም ሁለት ቡጢ። ይህ ግቢያቸው ውስጥ ለሚያለማምዷቸው አራት ልጆች ነው። የኔው ልጅ ክብሩ የመጣ ዕለት ሒሳቡ በእጥፍ ያድጋል።

ባለቤታቸው ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ቴክኒሻን ናቸው። እሳቸው ደግሞ አሰብ ከመምጣታቸው በፊት አዲስ አበባ፣ አንድ የሕፃናት ማገገሚያ ውስጥ ረዳት ነበሩ፤ ኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚሉትን ሙያ የተማሩት እዚያ ነው። ልጅ መልበሱን፣ መብላቱን፣ መታጠቡን እንዲችል በጨዋታ ማለማመድ ነው። አንዳንድ ልጅ የሚነካውም የሚሰማውም ሁሉ ይበዛበታል። ክብሩ እንደዚያ ነው። አምስት ዓመቱ ነው፤ ሸሚዝ ሲነካው ጉንዳን የወረረው ይመስል ይጮሃል፣ ስስመው ይራገጣል።

መስከረም ላይ መዋዕለ ሕፃናት ሳስገባው መምህርት ሠርካዲስ የሦስት ቀን ሙከራ ሰጡን። ሁለቱን ቀን ሸሚዙን አውልቆ እየጮኸ ወጣ።

«ነገም እንዲህ ከሆነ፣ የኔ እህት፣ ለከርሞ ታመጪዋለሽ» አሉኝ።

በቀጥታ እትዬ ጥላነሽ ጋ ሮጥኩ።

«ምን ታለብሺዋለሽ?» አሉኝ።

«ስስ ነገር ነዋ! በዚህ ሙቀት ካፖርት ላልብሰው?»

«አይ አንቺ! ስሱ እኮ ነው የሚኮረኩረው። እሱ የሚፈልገው ጫን የሚል ነገር ነው።»

ከሸራ ዙሪያውን ኪስ ያለው ሰደርያ ሰፉለት። ኪሶቹ ክብደት ይፈልጋሉ፤ ምስሩን ልጆቹ በትነውታል። አሰብ ውስጥ ደግሞ ከጨው የቀረበ ምን አለ? ጨው ሞላንበት። ክብሩ በሸሚዙ ላይ ደረበውና ዝም አለ። ደረቱን ነፍቶ ግቢውን ሁለቴ ዞረ። እልል ልል ስል እትዬ አፌን ያዙኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስታችን ተያይዘን ወጣን። በዚያ ወበቅ ጨው እንደሚሟሟ ማናችንም ልብ አላልንም። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ሰደርያው መንጠባጠብ ጀመረ። ያኔ ካርቶን ሲያላምጡ የነበሩት የከይሪያ ፍየሎች ቀና አሉ። ከይሪያ ከበይሉል መንደር የመጣች ጎረቤታችን ናት። አንዷ ፍየል ጀርባውን ላሰችው፣ ሌላዋ ሆዱን፣ ሦስተኛዋ ክንዱን።

አለቀልን ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አንቺ! ልጅሽን በጨው አሽተሽ የት ትወስጂዋለሽ?» እያለች ከይሪያ ዱላ ይዛ መጣች።

«ፍየሎችሽን ሰብስቢልኝ!»

«ምን ላድርግ? ቁርሳቸውን ይዘሽ መጥተሽ!»

ድንገት አንድ ድምፅ ሰማሁ። ክብሩ ነው፤ ከት ከት ብሎ ይስቃል! እኔን እናቱን የማያስስመኝ ልጅ ክንዱን ለፍየል ዘርግቶ «እንደገና!» ይላል።

እትዬ ጥላነሽ ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ «ምላሷ ሻካራ ነው፣ ጫን ይላል። ደግሞ ማንም አላስገደደው፤ ራሱ ነው የጠየቃት» አሉኝ።

ፍየሎቹ እስከ በሩ ሸኙን። መምህርት ሠርካዲስ አዩና «እነሱንም ልመዝግብ?» አሉ። እኔ ጨዉን ደፍቼ ሸሚዙንና ሰደርያውን አጥቤ ፀሐይ ላይ ሳሰጣ፣ እትዬ ሰውነቱን ጫን የሚል ነገር እንዳያጣ ብለው ክብሩን አግዳሚ ወንበር አስገፉት። ልብሱ ሲደርቅ ኪሶቹን በጠጠር ሞላናቸውና አለበስነው። ክፍል ገባ። እኔ በመስኮት ሳጮልቅ ዋልኩ። እስከ ስድስት ሰዓት ሸሚዙን አላወለቀም! መምህርት ስሙን መዝገብ ላይ ሲያሰፍሩ፣ እልል እንዳልል አፌን ራሴ ያዝኩ።

ሁሉ ነገር አልቀናም፤ ፀጉር ሊቆረጥ ሲል ዛሬም ሰፈሩ በጩኸት ይናወጣል። ግን በየቀኑ ትምህርት ቤት ይሄዳል።

ይህን እንደምጽፍ ስነግራቸው እትዬ ጥላነሽ ይህን አደራ ሰጡኝ፦ «ውኃ ወይ ልብስ ሲነካው የሚጮህ ልጅ ያላችሁ፣ ባለጌ ነው ብላችሁ አትምቱብኝ። ሐሙስ ከሰዓት ግቢዬ ይዛችሁት ኑ። የሚያስጮኸውን እኔም አየዋለሁ፤ እናንተ ግን እስከዚያ የሚያስቀውን አስተውላችሁ ንገሩኝ። የምጀምረው ከዚያ ነው።»