የአቶ ግርማ ቱርቦ

ካዛንቺስ ውስጥ ባለ አንድ ጋራዥ ሥራ የጀመርኩት ቴክኒክ ትምህርት ቤት በጨረስኩ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት ነው። የተቀጠርኩት በረዳት መካኒክነት ነበር። ዋናው መካኒክ ጋሽ ታፈሰ አንድ የተፈታ ካምቢዮ፣ አንድ ሳፋ ናፍታና አንድ ብሩሽ ፊቴ አስቀመጡና «እጠቢ» አሉኝ። እኔ ግን ከማጠቤ በፊት የእያንዳንዱን ጥርስ ሥራ አስረዳኋቸው። ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ እንኳ አልቀረኝም። እጃቸውን አጣምረው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ጨረስሽ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«በጣም ጥሩ። አሁን እጠቢ፣ ቲቸር።»

ስሙ እዚያው ተጣበቀብኝ። ስምንት ዓመት ሠርቼ እስክወጣ ድረስ በሌላ ስም የጠራኝ የለም። ዛሬ የአውቶሞቲቭ መምህር ስለሆንኩ ማንንም አልቀየምም።

በአራተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ከባምቢስ በኩል አንዲት ቀይ መኪና በገመድ እየተጎተተች መጣች። ሁለት በር ያላት፣ መሬት ልትነካ ምንም ያልቀራት፣ ቀለሟ የደበዘዘ የጃፓን ስፖርት መኪና ናት፤ ባለ ቱርቦ። ባለቤቷ አቶ ግርማ አምሳ ዓመት ያለፋቸው የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናቸው። የለበሱት አዲስ ሰማያዊ ቱታ የተተኮሰበት መስመር እንኳ አልጠፋም ነበር።

«ላሠራት አይደለም የመጣሁት» አሉ። «ቱርቦዋ ተበላሽቷል፤ ራሴ ነኝ የምሠራት። ቦታና ቁልፍ ብቻ ስጡኝ።»

ጋሽ ታፈሰ ቱታውን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ቁልፍ እንሰጥዎታለን። ግን ከቁልፉ ጋር ቲቸር አብራ ትመጣለች።»

ቱርቦን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ በማርሚታ፣ በጭስ ማውጫው፣ ከመውጣቱ በፊት አንዲት ትንሽ መዘውር ያሽከረክራል። በዚያው ዘንግ ሌላኛው ጫፍ ላይ ሌላ መዘውር አለች፤ እሷ ደግሞ አየር እየጨመቀች ወደ ሞተሩ ታስገባለች። ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ቤንዚን ይቃጠላል፤ ጉልበት የሚጨምረውም በዚህ ነው። ዘንጉ እጅግ ፈጣን ስለሆነ የሚሽከረከረው በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ነው። ዘይቱ ከቀረበት ይሞታል።

እንዲህ ያለች አሮጌ መኪና ለመጠገን ቀላል ናት። ኮምፒውተር አያስፈልጋትም፤ ሁሉም ነገር በዓይን ይታያል። አሥር፣ አሥራ ሁለትና አሥራ አራት ቁጥር ቁልፍ ያለው ሰው ግማሹን ሞተር ያወርዳል። የምታናድደውም እሷው ናት። የሚፈለገው ቡሎን ሁልጊዜ ከሌላ ነገር ሥር ነው። አንዷን ዳዶ ለመንካት ስድስት ነገር አወረድን። በጭሱ በኩል ያሉትን ደግሞ ሙቀት አጣብቋቸዋል፤ ዝገት መልቀቂያ ረጭተን፣ ሻይ ጠጥተን ስንመለስም ንቅንቅ አላሉም።

ከሁሉ የባሱት ቀጫጭኖቹ የጎማ ቱቦዎች ነበሩ፤ ሃያ ሦስት ናቸው፣ እንደ ፓስታ ተጠላልፈዋል። ከፋርማሲ የቁስል ፕላስተር ገዝቼ እያንዳንዱን በሁለቱም ጫፍ ቁጥር ለጠፍኩበት። ቡሎኖቹን በእንቁላል መያዣ ካርቶን ደረደርኩ። አቶ ግርማ ግን ቸኩለው ሁለት ቱቦ ባንዴ ነቀሉ።

«ጋሽ ግርማ፣ ቁጥር ሳልለጥፍበት!»

«ተይው፣ አስታውሰዋለሁ።»

መልሰን ስንገጥም ሞተሩ እንደ ጉንፋናም ሰው ያስለው ጀመር። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ቱቦ ስናቀያይር ጋሽ ታፈሰ ባለፉ ቁጥር ቆም ይሉና «አቶ ግርማ፣ ትዝ አለዎት?» ይላሉ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ትዝ አላቸው። ሌላ ቱርቦ ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ አምጥተን ገጥመን ስለነበር መኪናዋ ስትነሳ ግቢው በሙሉ ሰማ። አቶ ግርማ የጋራዡን ሰው ሁሉ ጨበጡ፤ ጎማ ሊያስነፋ የገባ የማያውቁትን ሹፌር ጭምር አቅፈው ሳሙት።

በወሩ ሰማያዊ ጭስ እየለቀቀች ተመለሰች። ቱርቦው ሞቷል። ሌላ ፈልገን ቀየርን፤ እሱም ስድስት ሳምንት ሠርቶ ሞተ።

በዚህ ጊዜ የአቶ ግርማ ባለቤት ወይዘሮ ሂሩት አብረዋቸው መጡ። «ጋሽ ታፈሰ» አሉ፣ «እኔ መኪና ጠልቼ አይደለም። ግን ባሌን ቅዳሜ ቅዳሜ እግሩን ብቻ ነው የማየው፣ ከሥሯ ተዘርግቶ። ሞተሯንና ካምቢዮዋን የሚፈልግ ሰው ተገኝቷል። የቀረው ላሜራ ለቆራሌው ነው። የዛሬ ሁለት ሳምንት ሰኞ መልስ እንሰጠዋለን። እስከዚያ ከዳነች ዳነች። አሁንም ከጨሰች ትሄዳለች።»

 አቶ ግርማ በቱታቸው እጅጌ የመኪናዋን ኮፈን ሲወለውሉ አየሁና አንጀቴን በሉት። ለኔም የማዕረግ ጉዳይ ነበር። ሁለት ቱርቦ የገደለች ረዳት መካኒክ፣ መካኒክ ተብላ አትጠራም።

በመጀመሪያ የጠረጠርኩት አየር የሚሾልክበት ቦታ ነው። ኦሎምፒያ ያለ አንድ ጎሚስታ ዘንድ ሄጄ የጎማ ከመነዳሪ የተበሳበትን ቦታ እንዴት እንደሚያገኝ ጠየቅሁት።

«ውሃ ውስጥ እነክረዋለኋ» አለ። «መኪና ልትነክሪ ነው እንዴ፣ እህቴ?»

መንከሩ ቀርቶ የአየር ማስገቢያውን ደፍነን፣ በኮምፕሬሰር ትንሽ አየር ሰጥተን፣ መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ቀባናቸው። ከአንዲት ፋሼታ፣ ከቱቦ ማሰሪያ ቀለበት፣ ሥር አረፋው እየተነፋ ወጣ። አቶ ግርማና እኔ እንደ ሕፃን ጮህን። ግን በዚያ ቀዳዳ የሚጠፋው ጉልበት ነው እንጂ ቱርቦ የሚገድል አልነበረም።

ቀጥሎ ለቱርቦው ዘይት የምታመጣውን ቀጭን ቧንቧ ፈታሁ። ከዚህ በፊት ሁለቴም ውጪዋን ጠርጌ መልሼ ገጥሜያት ነበር። አሁን ወደ ውስጥ ሳያት ድስት ሥር እንዳረረ ቁሌት የጠቆረ ነገር ቀዳዳዋን ዘግቶታል። ዘይቱ አዲስ ነው። ታዲያ ምን አሳረረው?

«ጋሽ ግርማ፣ መኪናዋን የት ነው የሚነዷት?»

«እሁድ እሁድ እንጦጦ።»

«አነዳድዎ እንዴት ነው?»

«እንዴት ማለት? ሽቅቡን አስጨንቄ ነዋ! ቱርቦ የተሠራው ለምን ሆነና!»

«ከዚያስ?»

ፊታቸው በራ። «ከዚያማ ጫፍ ላይ አዞራታለሁ፣ ሞተር አጠፋለሁ፣ በቃ፣ ፎሌ! እስከ ስድስት ኪሎ አንድ ጠብታ ቤንዚን አልነካም። እንዲያውም አንድ ቀን መንገዱ ጭር ብሎልኝ አራት ኪሎ ደርሻለሁ።»

ፎሌ ማለት ማርሹን ነፃ አድርጎ በቁልቁለት መንከባለል ነው። ያኔ ቤንዚን ለመቆጠብ ይህን የማያደርግ የከተማችን ሹፌር ጥቂት ነበር። ሞተር ሲጠፋ ፍሬን ስለሚደነድን አደገኛ ነው። ለቱርቦ ደግሞ መርዝ ነው። ሽቅብ ሲወጣ ቱርቦው በጭሱ በኩል እንደ ፍም ይግላል። ሞተሩ ወዲያው ሲጠፋ ዘይት መምጣቱ ይቆማል፤ ውስጡ የቀረው ዘይት እዚያው አሮ ከሰል ይሆናል።

ጋሽ ታፈሰ ከጎን ሰምተው በሳቅ ጎማ ላይ ተቀመጡ። «ቲቸር! ይኼን ሁሉ ወር ስታስተምሪያቸው አንድ ቀን አልጠየቅሻቸውም?»

አልጠየቅኋቸውም።

አቶ ግርማ የተዘጋችውን ቧንቧ አንስተው አዩ። «ማለትሽ... ሁለቱንም የገደልኳቸው እኔ ነኝ?»

«እርስዎና እኔ» አልኳቸው።

አዲስ ቧንቧ፣ አዲስ ዘይትና ሦስተኛ ቱርቦ ገጠምን። ከቀነ ገደቡ በፊት በነበረው እሁድ ጠዋት አቶ ግርማ መሪውን ያዙ፤ ወይዘሮ ሂሩት ከጎናቸው ተቀመጡ። እኔ ለሰው ባልተሠራው የኋላ ወንበር ጉልበቴን አገጬ ሥር አስገብቼ ተጣጠፍኩ። ሽሮ ሜዳን ስናልፍ ቱርቦው ማፏጨት ጀመረ። ወይዘሮ ሂሩት ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው በመስታወቱ ጭስ ይፈልጋሉ። 

ጫፍ ላይ ስንቆም የአቶ ግርማ እጅ በልማድ ወደ ቁልፉ ሄደ። ወይዘሮ ሂሩት ቸብ አደረጓቸው። «ተዋት! ልጅቷ ያለችህን አልሰማህም?»

ቱርቦው እስኪበርድ ሞተሩ እየሠራ ሦስት ደቂቃ ተቀመጥን።

«ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር» አሉ ወደኔ ዞረው፣ «እንዲህ ዝም ብሎ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም። መኪናዋ ይኼን ካስተማረችውማ...»

በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተር ሳናጠፋ ወረድን። ካዛንቺስ እስክንደርስ ጭስ የሚባል አልነበረም። አቶ ግርማ ከጋራዡ በር ላይ ክላክሱን ተጭነው አልለቅ አሉ።

«ነገ ለሰውየው ደውልለት» አሉ ወይዘሮ ሂሩት ሲወርዱ። «አትሸጥም በለው። በሚቀጥለው እሁድ ግን የምነዳው እኔ ነኝ።»

እኔ ጋራዡን እስክለቅ ድረስ ያቺ መኪና ሌላ ቱርቦ አልቀየረችም።

አሮጌ ቱርቦ መኪና በገዛ እጅ ይጠገናል። ቱቦዎቹን ከመንቀል በፊት ቁጥር መስጠት፣ ከቱርቦው ጋር የዘይት ቧንቧውንም መለወጥ ያስፈልጋል። ከሁሉ በፊት ግን ባለቤቱ እንዴት እንደሚነዳ መጠየቅ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት በሁለት ቱርቦ ነው።