በቀይ የተጻፈው ስም

አባቴ ገነተ ማርያም አጠገብ ብራና ፍቆ፣ መቃ ቀርጾ መጻሕፍት የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ ነበር። ለሴት ልጁ ፊደል የማስተማር ሐሳብ አልነበረውም። እኔ ግን ቀለም እየበጠበጥኩለት አጠገቡ ስቀመጥ የእጅ ጽሕፈቱን ሰረቅኩት። በደርግ ጊዜ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪው መጥቶ "ይቺማ ታውቃለች" ብሎ ሲያጋልጠኝ፣ አባቴ ደስ ይበለው ይክፋው አላወቅሁም።

ዝናዬ ከአንዲት ጎረቤታችን አላለፈም፤ ለእሷ ግን በቂ ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ከምንጩ በታች ያለችውን አንዲት ማሳዋን ነጥቆ ለወንድሙ ሰጥቶባታል።

"አንቺ ልጅ፣ ላውራጃው ጻፊልኝ" አለችኝ። "ስሜን ግን አደራ። እንዲያው 'የቀበሌው ሴቶች' በይው።"

እሺ ብዬ ሦስት ቀን ጻፍኩ። ከደብተር በገነጠልኳት ወረቀት ላይ ቃላቱ ሲደረደሩ ሳይ ልቤ አበጠ። አባቴ በሚጽፋቸው መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ያጻፈው ሰው ስም በቀይ ቀለም ይሰፍራል፤ ከሥሩ የጸሐፊው ስም ይከተላል። እኔም ስሟን በቀይ አስቀመጥኩት። አደራዋን ረሳሁት ብል ውሸት ነው። አምሮ ስለታየኝ ነው የጻፍኩት። የራሴ ስም ጋ ስደርስ ግን ፈራሁና ተውኩት።

ማንበብ የማትችለው ጎረቤቴ ወረቀቱን አጣጥፋ፣ በቀሚሷ ቋጥራ ላሊበላ ድረስ በእግሯ ወሰደችው።

አውራጃው ወረቀቱን መልሶ ለራሱ ለሊቀ መንበሩ ላከለት። እሱም ስብሰባ ጠራና ስሟን ጮክ ብሎ አነበበው። እሷ ደንግጣ ቀና አለች፤ ወዲያው አቀረቀረች። ማን እንደጻፈላት ሲጠይቃት ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለችም።

"ይህ ቀይ ቀለም ከማን ቤት እንደሚወጣ ጠፍቶን አይደለም" አለ ሊቀ መንበሩ።

ልነሳ ነው፣ አሁን ልነሳ ነው እያልኩ ጉልበቴን ይዤ ተቀመጥኩ። አባቴ ጋቢውን አስተካክሎ ተነሣ።

"ቀለሙ የኔ ነው። የጻፍኩትም እኔ ነኝ" አለ። ወረቀቱን ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም።

ሁለቱንም ወሰዷቸው። እኔም ወደ ቤት ሄጄ እራት ሠራሁ፤ እስከ ዛሬ የማፍረው በዚህ ነው።

ሲፈቱ ክረምቱ ወጥቶ ነበር። ማሳዋ በወንድምየው ገብስ ተሸፍኖ ጠበቃት። የአባቴ ቀኝ እጅ ሁለት ጣቶች አልታጠፍ ብለው ቀሩ፤ መቃ መያዝ አልቻለም። እግሩን ሳጥበው አልቅሼ "ይቅር ይበሉኝ" አልኩት። ቆጣ ይላል ብዬ ነበር።

"ወረቀቱን አሳይተውኛል" አለ። "ጽሕፈትሽ ከኔ ይሻላል።" ደግሞም፣ "የሷን ስም እንዲያ አድምቀሽ፣ የጻፈችውን የት ጣልሻት?" አለኝ።

የታጠበበትን ውሃ ልደፋ ወጣሁ።

ዛሬ መጻሕፍት እጽፋለሁ፤ አንዳንዱ አንባቢ ድፍረቴን ያደንቃል። ስሜን ሽፋኑ ላይ ባየሁ ቁጥር የአባቴ ጥያቄ ይመጣብኛል። ጎረቤቴ እስክትሞት ድረስ ሰላምታዋን አልነፈገችኝም፤ የዚያችን ወረቀት ጉዳይ አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ስሟን እዚህ ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም። በሕይወት ሳለች ሄጄ ልጽፈው ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም።