ዓርብ ዓርብ የሚመጡት ሰዎች

ልጅ ሳለሁ ዓርብን አልወድም ነበር። ካርቱም ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል። ዓርብ ትምህርት የለም፣ መሥሪያ ቤት ዝግ ነው፣ ከየጓሮው የዓሣ ጥብስ ይሸታል። እኛ ግን የምንኖረው ጀሪፍ፣ ዓባይ ዳር ነበር። ዓርብ ለእኛ ሌላው የከተማ ሰው ሁሉ ደጃፋችን ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ የሚውልበት ቀን ነው። አባቴ ደግሞ የማያውቀውን ሰው ከአዞ ለይቶ አያየውም ነበር።

ቤታችን የሸክላ ጡብ ከሚተኮስበት ምድጃ አጠገብ የቆመች አንዲት የጭቃ ክፍል ነበረች። አባቴ ሀገር ቤት የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። በፖለቲካ ሰበብ እናቴንና እኔን ይዞ ከተሰደደ በኋላ ያገኘው ሥራ የጡብ ዘበኝነት ሆነ። እናቴ አል-ማንሺያ በሚባለው ሠፈር ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ ጠዋት ሃፍላ በሚሉት አውቶቡስ ሄዳ ማታ እግሯ አብጦ ትመለሳለች። ሦስታችንም ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ወረቀት አልነበረንም። ስለዚህ የቤታችን ሕግ አጭር ነበር። ውጭ አማርኛ አይወራም። ስም ከተጠየቅሁ አማል ነኝ፣ አባቴ ኢብራሂም ይባላል፣ የምሥራቅ ሱዳን፣ የከሰላ ሰዎች ነን። ትዕግሥት የሚለው እውነተኛ ስሜ የሚጠራው በር ተዘግቶ ነበር።

ከፖሊስ ይልቅ አባቴ የሚፈራው ያገሩን ልጅ ነው። «ፖሊስ ወረቀት ይጠይቃል፤ ሐበሻ ግን ታሪክ ይጠይቃል» ይል ነበር። አብሮት የተሰደደ አንድ ጓደኛው ካገሩ ልጅ ጋር ሻይ በጠጣ በሳምንቱ ተይዞ ድንበሩን እንዲሻገር ተደርጓል። ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት አባቴ እንደ ጸሎት ጠዋትና ማታ ይደግመው ነበር። እኔም ከአባታችን ሆይ ቀድሜ ያጠናሁት እሱን ይመስለኛል።

ጥቅምት አልፎ ውኃው ሲጎድል አሸዋው ብቅ ይላል። ለዓርብ ሰዎች አሸዋው መጫወቻ ነው። ጫማቸውን አውልቀው ይረግጡታል፣ ልጆቻቸውን እስከ አንገታቸው ይቀብሩበታል። ለእኛ ግን አሸዋ ማለት አልጋ ውስጥ፣ ፉል ውስጥ፣ ጥርስ መሐል ያለ ነገር ነው። እነሱ ነፋሱን ጠግበው ሲሄዱ ለእኛ የምድጃው ጭስና ሸክላው የሚቦካበት እበት ሽታ ይቀሩናል። በብርዱ ወራት ደግሞ ነመታ የሚባል ደቃቅ ዝንብ ዓይንና አፍንጫ ውስጥ እየገባ መውጫ መግቢያ ያሳጣናል። የምንጠጣው ውኃ ከወንዙ ተቀድቶ፣ ዚር በሚባለው ትልቅ እንስራ ውስጥ አድሮ፣ ጭቃው እስኪዘቅጥ ተጠብቆ ነው። አንድ ጊዜ ወርቅ ያንቆጠቆጠች ሴትዮ እናቴን «ምንኛ ታድላችኋል፣ በየቀኑ እዚህ መዋል» አለቻት። እናቴም በዓረብኛዋ «ነሐሴ ላይ ነይ እህቴ፤ ያን ጊዜ ወንዙ ራሱ ቤት ድረስ መጥቶ ይቀበልሻል» ብላ መለሰችላት።

ግን ልዋሽ አልፈልግም፤ እወደው ነበር። ማለዳ የእርጥብ ሸክላውን ሽታ እወደው ነበር። በጥር ብርድ ገና ትኩስ የሆነ ጡብ ላይ ተቀምጦ ትምህርት ማጥናትን፣ በጡብ ስብርባሪ ቅልሞሽ መጫወትን እወድ ነበር። ከሁሉም ቅዳሜ ጠዋት የእኔ ነበረች። የዓርብ ሰዎች ጥለውት የሄዱትን ስለቅም እውላለሁ፤ ማንኪያ፣ ማበጠሪያ፣ ብቻውን የቀረ ነጠላ ጫማ። አንድ ቀን እስክሪብቶ አግኝቼ ብመጣ አባቴ ፈታቶ ውስጡን በፀሐይ ካየ በኋላ ነው የሰጠኝ። ምን ፈልጎ እንደነበር አልነገረኝም፤ ምንም አለማግኘቱም ብዙ ያስደሰተው አይመስልም ነበር።

የጡብ ሠሪዎቹ ሸክላ የሚቆፈረው ከወንዙ ዳር ነው። ጎርፉ መጥቶ ሲመለስ ጉድጓዶቹ በውኃ ተሞልተው ይቀራሉ፤ ላያቸው ከሌላው ውኃ በምንም አይለይም። አንዱ እርምጃ እስከ ጉልበት ያደርሳል፣ ቀጣዩ ከራስ በላይ። አባቴ ማንም ሳያዘው በየጉድጓዱ አፍ ዱላ እየተከለ ቀይ ጨርቅ ያስርበት ነበር። ቀዩ ጨርቅ ምን እንደሆነ የሠፈራችን ሕፃን ሁሉ ያውቃል። የዓርብ ጎረምሶች ግን ዱላዎቹን እየነቀሉ የኳስ ጎል ያደርጓቸዋል። አባቴም በማግሥቱ እየተሳደበ መልሶ ይተክላል።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ነው ነገሩ የመጣው። ያን ዓርብ እትዬ ዘይነባን ብርጭቆ በማጠብ እያገዝኳት ነበር። እትዬ ዘይነባ የወሎ ሴት ናት፤ ዓርብ ዓርብ አሸዋው ላይ ሻይ ትሸጣለች፤ ምስጢራችንን የምታውቅ ብቸኛ ሰውም እሷ ነበረች። ከአጠገባችን አንድ ሰው ከሚስቱና ስድስት ዓመት ከሚሆናት ልጁ ጋር መጥቶ ምንጣፍ ዘረጋ። ሚስትየዋ ልጅቷን «ቀስ በይ፣ ትወድቂያለሽ» ስትላት ሰማሁና እጄ ብርጭቆው ላይ ቀረ። ሰውየው ሞባይሉን አውጥቶ ልጁን ፎቶ አነሳት። ከልጅቷ ኋላ ቤታችን ይታያል። ቀስ ብዬ ከእትዬ ዘይነባ ጀርባ ተሸሸግሁ፤ ቤቱን ግን መሸሸግ አልቻልኩም።

ጎረምሶቹ እንደ ልማዳቸው ሁለት ዱላ ነቅለው ኳሳቸውን ይራገጣሉ። ልጅቷ ቀሚሷን ሰብስባ ውኃው ውስጥ ገባች። ወዴት እንደምትሄድ ወዲያው ገባኝ። «አርጅዒ!» ብዬ ጮኽኩ፣ ተመለሺ ለማለት። ዞር ብላ አየችኝና ሳቀች። አዲስ ገብ ናት፣ ዓረብኛ አታውቅም። አንድ እርምጃ ጨመረች። ያኔ የአባቴ ሕግ ሁሉ ከአፌ ላይ ጠፋ።

«ተመለሺ! ጉድጓድ ነው!»

ልጅቷ ባለችበት ቆመች። አባቷ ሮጦ ሲያነሳት የእሱ አንድ እግር ወደ ጉድጓዱ ገባና እስከ ደረቱ ሰመጠ። ልጁን ወደ ላይ ይዞ እየተፍጨረጨረ ወጣ። ለሚስቱ አስረክቧት ውኃ እየተንጠባጠበ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ።

«የማን ልጅ ነሽ የኔ እናት?» አለኝ።

«አማል» አልኩት። እሱ የጠየቀኝን ሳይሆን እኔ ያጠናሁትን ነበር የመለስኩት።

«አማርኛውን ከየት አመጣሽው?»

እትዬ ዘይነባን በጣቴ አሳየሁት። እሷም ዓይኗን እንኳ ሳታርገበግብ፣ «ከኔ ነው ወንድሜ፤ ስትውል ስታድር ለመደችው» አለችው። ሰውየው ሁለታችንንም በየተራ አየን። ከዚያ ወደ ቤታችን አየ።

ለአባቴ አልነገርኩትም። ሳምንቱን ሙሉ እንደ ሌባ ሆኜ ከረምኩ። በሚቀጥለው ዓርብ ያ ሰው አንድ ካርቶን ብስኩት ይዞ ብቻውን ደጃችን ቆመ። አባቴ ደጅ ተቀምጦ አዲስ ዱላ ላይ ቀይ ጨርቅ እያሰረ ነበር።

«አሰላሙ ዓለይኩም» አለ ሰውየው፣ በእንግዳ ሰው ዓረብኛ። ወዲያው ደግሞ በአማርኛ፣ «ሐበሻ ነዎት መሰለኝ?» አለ።

«አማርኛ ማ በዓሪፍ። አና ሚን ከሰላ» አለ አባቴ፤ አማርኛ አላውቅም፣ የከሰላ ሰው ነኝ ማለቱ ነው። ፊቱ እንደ ጡብ ደርቆ ነበር። እናቴ ከውስጥ በበሩ ስንጥቅ ታይ ነበር።

ሰውየው ብስኩቱን በዚሩ ክዳን ላይ አስቀመጠ። ለራሱ እንደሚያወራ ሰው ቀስ እያለ በአማርኛ ቀጠለ።

«ባይሰሙኝም ልናገረው። ልጄ ዛሬ ከቤቴ ያለችው በልጅዎ ምክንያት ነው። እግዚአብሔር ያሳድግልዎ። ለወግ ለማዕረግ ያብቃልዎ።»

«አሜን» አለ አባቴ።

ማን ያስችለዋል? ልጁን ሲመርቁለት አሜን ሳይል ዝም የሚል አባት እስከ ዛሬ አላየሁም። ቃሉ ከሕግ በፊት፣ ከስደት በፊት እዚያ ውስጥ የነበረ ነው። አባቴ ካለው በኋላ ነው ማለቱን ያወቀው፤ እጁ ወደ አፉ ሄደ። ሰውየው ፈገግ አለ። ሌላ ምንም ሳይጠይቅ አንገቱን ዝቅ አድርጎ «ደህና ይዋሉ» ብሎ ሄደ።

«ሲስቅ አየሽው?» አለ አባቴ ለእናቴ። «ውኃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።»

እትዬ ዘይነባ ሰምታ እየሮጠች መጣች። «ኧረ ጋሼ፣ ሰውየው ሊያመሰግን ነው የመጣ። እርስዎ እኮ ወላሂ ጥላዎንም ኢቃማ ሳይጠይቁ አይቀሩ» አለችው። አባቴ አልሳቀም። እሑድ ጠዋት ዕቃችን በአንድ ጋሪ ላይ ተጭኖ አለቀ። ብስኩቱን ማንም ሳይቀምሰው ዚሩ ላይ ትተነው ወጣን፤ እኔ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱም ጭምር ነው።

የሄድነው ወደ ከተማው ዳር፣ ወደ ሶባ ነው። በሃፍላ ረጅም መንገድ ነው፤ ወንዙ ከመስኮቱ እየራቀ ሲሄድ እንባዬ መጣ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አውቄያለሁ። በመጨረሻ ለአባቴ በጆሮው፣ «ባልጮህ ይሻል ነበር?» አልኩት። ብዙ ፌርማታ አለፈ። ከዚያ ሃፍላው ሰው ጢም ብሎ ሳለ፣ ከቤት ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ አናገረኝ። «አይ ትዕግሥቴ። አንቺ ልክ ነሽ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ አሜን ማለት አልነበረብኝም።»

በኋላ እትዬ ዘይነባ ሶባ ድረስ መጥታ ሰውየው ሦስት ዓርብ ልጁን ይዞ እየመጣ እንደጠየቀን ነገረችን። «አያችሁ? ይጠይቃል» አለ አባቴ። እናቴ ተናዳ፣ «ልጁን ይዞ የሚሰልል ማን አለ?» ብትለው፣ «ጎበዝ ሰላይ» አላት። አባቴ ሶባ ኖሮ ሶባ አረፈ። ያ ሰው ጆሮ ጠቢ ይሁን ደግ ሰው እሱም ሳያውቅ ሞተ፣ እኔም አላወቅሁም። አንዳንድ ቀን እርግጠኛ ሆኜ አዝንለታለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ያ ፎቶ ማን እጅ ይሆን እላለሁ።

አሁን ኢቃማ አለኝ፣ ባል አለኝ፣ ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ አለችኝ። በጦርነቱ ከከተማው ወጥተን ነበር፤ ተመልሰን ነገሩ ትንሽ ሲረጋጋ ባለፈው በጋ አንድ ዓርብ ልጄን ይዤ ጀሪፍ ወረድኩ። ምንጣፍ ዘረጋሁ፣ ከፔርሙዝ ሻይ ቀዳሁ፣ ጫማዬን አወለቅሁ። አሸዋው ከእግሬ በታች ሞቀኝ። ያ ሁሉ ዓመት ኖሬበት እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር፤ እንግዳ ሆኜ ስመጣ ነው ያወቅሁት። የእኛ ክፍል ፈርሳለች፤ ከእሷ ራቅ ብሎ ሌላ የጭቃ ቤት አለ። ልማድ ነውና ጀርባዬን ለማንም ሳልሰጥ ተቀመጥኩ።

ልጄ ውኃው ጠርዝ ላይ የቆመ ዱላ አየችና ልትነቅለው ሮጠች። ጫፉ ላይ ጨርቅ ታስሯል፤ ቀይ ሳይሆን ሰማያዊ። «ተይው!» ብዬ ጠርቼያት ገና ሳልነሳ አንዲት ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ ከየት እንደመጣች ሳላውቅ እጇን ይዛ አስቆመቻት።

«አይነቀልም» አለቻት በአማርኛ። «ጉድጓድ አለ።»

ያለችውን ከሰማች በኋላ አፏን ገጠመች። ወደ እኔ አየች፣ ወደ ጭቃው ቤት አየች። ሞኝ ሆኜ «ስምሽ ማነው?» አልኳት። «ሰልማ» አለችኝ ቶሎ ብላ፣ ከሰሌዳ እንደሚያነብ ተማሪ። አጠያየቄን ጠላሁት። በዚያች ልጅ ዓይን ውስጥ ምን እንደምመስል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ያወለቅሁት ጫማ ሳይቀር ያስጠረጥራል። ሌላ ጥያቄ አልጨመርኩም። ዝም ብዬ ብሄድ ደግሞ አላስቻለኝም።

«እግዚአብሔር ያሳድግሽ» አልኳት።

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ አልነበረውም፤ ግን አሜን ነው ያለችው።

ፈገግታ ሳላስበው መጣብኝ። እንዲህ በራሱ እንደሚመጣ ያኔ ነው የገባኝ። ሳታየው ፊቴን ወደ ውኃው አዞርኩ። ምንጣፌን አጣጥፌ፣ ሻዩን አሸዋው ላይ ደፍቼ፣ ልጄን ይዤ ወጣሁ። ልጄ እስከ ዛሬ መቼ ነው የምንመለሰው እያለች ትጠይቀኛለች። በሚቀጥለው ዓርብ አልተመለስኩም፤ ከዚያ በኋላም አልተመለስኩም፤ የልጅቷ ቤተሰቦች እንደ እኛ ሳይሸሹ ቤታቸው ውስጥ ይቆዩ ብዬ ነው።