ዳገት ያቃታት ፒክአፕ

የወሰዱኝ ጊንጆ ሰፈር ካለው ጋራዤ ነው። ከመኪና ሥር ተኝቼ ሳለሁ አንድ ሰው እግሬን በጫማው ነካ አድርጎ "ውጣ" አለኝ። በዚያ ሰሞን በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነስቼ፣ ከሰፈራችን የተወሰዱት ወንድማማቾች የት እንደደረሱ ጠይቄ ነበር። እኔንም የጫኑኝ እነሱ በተወሰዱባት ነጭ ፒክአፕ ነው። ሾፌሩ ጎልማሳ ሰው ነበር።

ያስገቡኝ ድሮ የቡና መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ነው። የገለባው ሽታ ከሽንት ጋር ተቀላቅሎ ጉሮሮ ይይዛል። ከከተማው ወጣ ካለው ከደዶ ገጠር የተያዙ አንድ ገበሬ፣ ሽማግሌ ሰው፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ።

"ኮቱ፣ ና፣ እዚህ ተቀመጥ ልጄ፤ በዚህ በኩል ግድግዳው አይረጥብም።"

ሁላችንም የምንፈራው ያቺን ፒክአፕ ነበር። ሞተሯ ግቢ ውስጥ ሲነሳ ወሬ ይቆማል። ስሙ ተጠርቶ በእሷ የሄደ ሰው ሲመለስ አላየንም። ወዴት እንደሚወስዷቸው የነገረን የለም።

አንድ ጠዋት በሩ ተከፈተና ዘበኛው "መካኒኩ!" ብሎ ተጣራ። ሽማግሌው ክንዴን ይዘው አስነሱኝ። "እኔ ዱዓ አደርግልሃለሁ፤ አንተም እንደ ሃይማኖትህ ጸልይ" አሉኝ በሹክሹክታ። ጸሎት ጠፋብኝ። ዘበኛው እጄን በካቴና አስሮ ወደ ግቢው አወጣኝ።

ፒክአፗ ኮፈኗ ተከፍቶ ቆማለች። አጠገቧ ሾፌሩ ቆሟል፤ ቀበቶውንና የጫማውን ማሰሪያ አስወልቀውታል። ሊያስሩት እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

"ዳገት ላይ ጉልበት ታጣለች" አለ የእስር ቤቱ ኃላፊ፣ ኮማንደሩ። "ትናንት የደዶ መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ምን ተደርጋ እንደሆነ ንገረኝ።"

"ካቴናው ካልተፈታልኝ መሥራት አልችልም" አልኩ። ፈቱልኝ።

አስነሳኋት። ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሯ ጤነኛ ነው። ነዳጅ አጥብቄ ስረግጥ ግን ቁና ቁና ትተነፍሳለች እንጂ አትጨምርም። የአየር ማጣሪያዋ አቧራ አለው፤ አልተደፈነም። ጢሷም ደህና ነው። የነዳጅ ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ ፈትቼ ውስጡ ያለውን በተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ገለበጥኩት። ናፍጣው ከላይ ሰፈፈ፤ ከሥሩ ዝገት የመሰለ ውሃ ተኛ።

የኃላፊው ፊት በራ። "ይኸው! ሾፌሩ ውሃ ጨምሮባታል። ይህን በሰው ፊት ትናገርና ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።"

ሾፌሩ አየኝ። ከንፈሩ ደርቋል። እኔን ጭኖ ያመጣኝ እሱ ነው፤ ለእኔ ምኔ ነው? ልጆቼ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። አፌን ስከፍት ምን እንደምል ራሴም አላወቅሁም።

"ኮማንደር፣ ይሄ የአንድ ቀን ውሃ አይደለም። ዝገቱን ይዩት። ፊልትሮው ከተቀየረ ቆይቷል፤ የበርሜል ናፍጣ ሲቀዳላት ጥቂት በጥቂት የተጠራቀመ ነው። ሰው ያደረገው አይደለም።"

"ሌላ ቦታ ብትጠየቅስ?"

"ይሄንኑ ነው የምለው።"

የሚመታኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመታኝም። "መልሱት" አለ።

ማታ የሆነውን ሁሉ ለሽማግሌው ነገርኳቸው። እኔ እንዳልኩትም ፊልትሮዋን ቀየሩላት፤ ታንከሯንም አጠቡላት። በማግስቱ ሞተሯ ሲነሳ ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። በሩ ተከፈተና ሽማግሌውን ጠሯቸው።

ጋቢያቸውን እያጣፉ ፊቴን አዩና "ዳገት ላይ ቆማ ፀሐይ ላይ ከምታውለኝ መጠገኗ ይሻላል" አሉኝ፤ ፈገግ አሉ። "አትፍራ።" እጄን ግን ቶሎ አልለቀቁትም። በተከፈተው በር ሾፌሩን አየሁት፤ ከመሪው ወርዶ መጣና ደግፎ አሳፈራቸው።

እኔ ከወራት በኋላ ያለ ክስ ተፈታሁ። ደዶ ሄጄ ቤታቸውን አጠያየቅሁ። ሴት ልጃቸው በር ላይ ቆማ "እስከ ዛሬ ወሬ የለም" አለችኝ። የሆነውን ሁሉ፣ የፒክአፗንም ነገር ጭምር፣ ነገርኳት። ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

"ድምፃቸውን የሰማ ሰው መጥቶልን አያውቅም" አለች። "ፈገግ ብለው ነው ያልከኝ?"

"አዎ።"

"እስቲ ድገምልኝ።"

አሁንም በየዓመቱ ቡና ሲለቀም ደዶ እሄዳለሁ። በመንገዱ ላይ ከኋላዬ ነጭ ፒክአፕ ሲመጣ ዳር ይዤ አሳልፋለሁ፤ አቧራው እስኪረጋ ድረስ እቆማለሁ። ከዚያ ጉዞዬን እቀጥላለሁ። ልጃቸው ወንበር አውጥታ ትጠብቀኛለች፤ እኔም ከመጀመሪያው ጀምሬ እነግራታለሁ።