የሲሪንቃን ዲስክ ያጠፋሁ ጊዜ

ኮምፒውተሬ ውስጥ ያሉት ዲስኮች ስም አላቸው። ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። መርሳ ላይ የሠርግ ቪዲዮ የምቀርጽና የማቀናብር ሴት ነኝ። ሙሽራዋ ዘንድ ወንድ ካሜራ ይዞ እንዲገባ የማይፈልግ ቤተሰብ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል፤ ስለዚህ ሥራ አላጣም፣ ዲስክም ቶሎ ይሞላብኛል። አዲስ ዲስክ በገዛሁ ቁጥር ከደሴ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ቅደም ተከተል የከተማ ስም አወጣለታለሁ። ከደሴ በኩል ስትመጡ መጀመሪያ ውርጌሳ፣ ቀጥሎ መርሳ፣ ቀጥሎ ሲሪንቃ። የውርጌሳ ሰው ሠርግ ውርጌሳ ላይ ነው፣ የሲሪንቃ ሰው ሠርግ ሲሪንቃ ላይ። ደንበኛ ሲመጣ "አገራችሁ የት ነው?" እላለሁ፣ ቀጥታ እከፍታለሁ። ከዚህ የተሻለ ምን መዝገብ አለ?

ታዲያ ማሽኑ አረጀና አንድ ቪዲዮ እስኪከፍት ምሳዬን በልቼ የምመለስ ሆንኩ። ወልዲያ ሄጄ ኤስኤስዲ የሚሉትን ገዛሁ። እንደ ድሮው ዲስክ ሆዱ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ ከማስቲካ እምብዛም የማይበልጥ ስስ ሰሌዳ ነው። መዳፌ ላይ አድርጌ አገላበጥኩት። ያን ሁሉ ሠርግ፣ ያን ሁሉ እልልታ የቱ ጋ ነው የሚያስቀምጠው? ሻጩ ሲጠቀልልልኝ፣ "ማሽኑን የሚያስነሣውን ሲስተም ስትጭኚ የሌሎቹን ዲስኮች ገመድ ንቀይ፣ እሺ?" አለኝ። "ስንት ዓመት የሠራሁበትን አንተ ልታስተምረኝ ነው?" አልኩት። ሳቀ። እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ ወጣሁ።

በማግስቱ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ማሽኑን ልፈታ ካቻቢቴ ሳነሳ ከሲሪንቃ በላይ ካለ መንደር ሁለት ሽማግሌዎች መጡ፤ ባልና ሚስት። ባልየውን በወረዳችን በሀብሩ የማያውቃቸው የለም። ዱዓ አድራጊ ናቸው። ዝናብ ሲዘገይ ይጠራሉ፣ ሰው ሲጣላ ያስታርቃሉ፣ የክርስቲያኑ ሠርግ እንኳ እሳቸው ካልመረቁት የጎደለ ይመስላል። ከአምና ወዲህ ግን ደም ግፊት ጥሏቸው ምላሳቸው ተይዟል። እግራቸው ተመለሰ፣ እጃቸው ተመለሰ፣ ቃላቸው አልተመለሰም።

"የመጨረሻዋ ልጃችን ሐሙስ ኒካህ አላት" አሉኝ ሚስትየው። "አምስቱን እህቶቿን እሳቸው በዱዓ ሸኟቸው። እሷ፣ እኔ ብቻ ያለ አባት ዱዓ ልወጣ ነው ብላ እህል አልቀምስ ብላለች። የታላቋን ሠርግ አንቺ አይደለሽ የቀረጽሽው? ሴቶቹ ዘንድ ገብተው ሲመርቁ ድምፃቸው አለ አይደል? እሱን በድምፅ ማጉያ እናሰማት።"

"የሰጠሁዎ ፍላሽስ?"

"ኧረ ተዪኝ ልጄ፣ ከቀሚሴ ጋር አጠብኩት።"

ዲስኩ ላይ አለ፣ አይጨነቁ አልኳቸው። ያን ጊዜውኑ ገልብጬ ብሰጣቸው ምን ነበረበት! እኔ ግን ጉራዬ መጣ፤ "በአዲሱ ማሽን ድምፁን አጥርቼ ነው የምሰጣችሁ፣ ነገ ኑ" አልኩ።

አባት አልተነሡም። ጣታቸውን ጉሮሯቸው ላይ አደረጉ፣ ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆሙ፣ ከዚያ መዳፋቸውን ዘረጉ። ድምፄ የቱ ጋ ነው ያለው ማለታቸው ነው። ደስ አለኝ፤ እስከ ዛሬ ይህን የጠየቀኝ ደንበኛ የለም። የማሽኑን ጎን ከፍቼ ሲሪንቃን አሳየኋቸው። እጃቸውን ቢያሳርፉበት ንዝረቱ ተሰማቸውና ሰብሰብ አደረጉት፣ ደግመው አሳረፉት፣ ወደ ሚስታቸው ዞረው ሳቁ። እኔም አብሬ እጄን አደረግሁ። ውስጡ የሚዞር ሰሃን እንዳለ አውቃለሁ፣ ሰሃኑ ላይ ነገሩ ሁሉ በደቃቅ ምልክት እንደሚጻፍ ተምሬአለሁ። ግን "አሚን" የሚለው ቃል ሰሃን ላይ ምን እንደሚመስል ማን ነግሮኝ ያውቃል?

ከሄዱ በኋላ ሥራዬን ጀመርኩ። አዲሷ በገመድ የምትገጠም አይደለችም፤ የማሽኑ ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ሰክተው በአንዲት ብሎን ያስሯታል። አሰርኳት። እኔ ቤት ስም የሌለው ዲስክ አይሠራምና መጀመሪያ በድሮው ሲስተም ከፍቼ አዘጋጀኋትና ወልዲያ አልኳት። ከዚያ ሲስተሙን እሷ ላይ ልጭን ገባሁ። የመጫኛው ገጽ ሲመጣ ግን ስሞቹ የሉም! ስም የምጽፈው በአማርኛ ነው፤ ያ ገጽ ደግሞ ፊደላችንን አያውቅም፣ በየስሙ ፋንታ ባዶ ባዶ ሳጥን ደርድሮ ጠበቀኝ። ያለው ቁጥር ብቻ ነው፦ ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ምን ችግር አለው፣ በመንገዱ እቆጥራለሁ አልኩ። ውርጌሳ ዜሮ፣ መርሳ አንድ፣ ሲሪንቃ ሁለት፣ ወልዲያ ሦስት። መጨረሻው ወልዲያ መሆኑን የመኪና ረዳት ሁሉ ያውቃል። ሲሪንቃና ወልዲያ መጠናቸውም እኩል ነው። ሦስትን መረጥኩ፣ ፎርማት አልኩት፣ ጫንኩ።

ማሽኑ ሲነሣ ውርጌሳ አለ። መርሳ አለ። ወልዲያም አለች፣ ባዶዋን ቁጭ ብላ። ሲሪንቃ የለም። ለካ ኮምፒውተሩ ማዘርቦርዱ ላይ የተሰካችውን ነው መጀመሪያ የቆጠረው፤ የእኔን መንገድ ከወልዲያ ጀምሮታል። ሦስት ብዬ የፋቅሁት ሲሪንቃን ነው። ባዶ ቦታ ስንት እንደቀረ የሚያሳየው ቁጥር እዚያው ገጽ ላይ ነበር፣ ዓይኔን ጣል ባደርግ ይበቃ ነበር። ያ ረቢ! መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የኮምፒውተር ነገር እንዲህ አስለቅሶኝ አያውቅም።

ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ሻጩ ጋ ደወልኩ። "ማሽኑን አጥፊው! አሁኑኑ አጥፊው!" አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ፎርማት ሲደረግ የሚፋቀው የቤቱ ቁጥር ነው፣ ቤቱ አይደለም፤ ሌላ ነገር እላዩ ላይ እስካልተጻፈበት ድረስ ያለው አለ። ሲስተሙ ያረፈበት ግን ሄዷል። የትኛው እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ገመዶቹን ሁሉ ነቅዬ፣ አሁን ገና፣ ሲስተሙን ወልዲያ ላይ ጫንኩ፤ ከዚያ ሲሪንቃን ብቻውን መልሼ እሱ የላከልኝን የጠፋ ፋይል ፈላጊ ፕሮግራም ለቀቅሁበት።

ረቡዕ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ መብራት ጠፍቶብኝ ነው ልል አስቤ ነበር። መቼም እኛ አገር ይታመናል። የአባትን ፊት ሳይ አቃተኝና እውነቱን ነገርኳቸው። "ሐሙስ እኮ ነገ ነው፣ ልጄ" አሉ ሚስትየው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሁለቱም ወንበር ስበው ከጎኔ ተቀመጡ።

የተገኘው ሁሉ ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ ነው። አንድ በአንድ ከፈትን። የማናውቃት ሙሽራ ግማሽ ፊት፤ ከበሮ፤ የሆነ ሰው ጫማ፤ ደግሞ ሚስትየው "እቺማ የእገሌ ልጅ ናት፣ አሁን ሦስት ወልዳለች" የሚሏት። ሳላስበው ጭንቀቴን ረስቼ ቀጣዩ ምን ይሆን ማለት ጀመርኩ። ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ አባት ክንዴን ያዙኝ። ስክሪኑ ላይ እሳቸው ነበሩ፣ ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው፣ እጃቸውን ዘርግተው።

ድምፅ የለውም። ጨመርኩ፣ ሽቦውን ነቅዬ ሰካሁ፣ በሌላ ፕሮግራም ከፈትኩ። ምስሉ ተርፏል፣ ድምፁ ሄዷል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ሴቶቹም አፋቸውን ለአሚን ይከፍታሉ፣ ክፍሉ ጭጭ ብሏል። "አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ" አልኩ።

ያኔ ሚስትየው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። "ማሽላችሁን ወፍ አይልመደው" አሉ። ስክሪኑ ላይ የባላቸው ከንፈር ከቃላቸው እኩል ይሄድ ነበር። "በራችሁን እንግዳ አይርሳው። የተኮራረፋችሁበት ቀን አይምሽ።" አንድ ቃል አልዘለሉም፤ ባላቸው ትንፋሽ ሲወስዱ እሳቸውም ይወስዳሉ። አባት ስክሪኑን ትተው ሚስታቸውን ያዩ ጀመር፣ አፋቸውን ከፍተው።

"ምን ያዩኛል?" አሉ ሚስትየው። "አርባ ዓመት ሙሉ የማላውቀውን አሚን ስል የኖርኩ መሰለዎት እንዴ?"

ሐሙስ ዕለት ድምፅ ማጉያ አልተተከለም። አባት ሴቶቹ ዘንድ ገቡና በልጃቸው ፊት እጃቸውን ዘረጉ፣ ሚስታቸው ከጎናቸው ቆሙ። እሳቸው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፣ እናት ተናገሩ። ልጅቷ ከመጀመሪያው ቃል ጀምራ ታለቅስ ነበር። እኔም ካሜራ መያዜን ረስቼ አሚን ስል ምስሉ ተንቀጥቅጧል፤ አልቆረጥኩትም።

ሲያበቃ ወደ አባት ጠጋ ብዬ ካሜራውን አሳየኋቸውና፣ "አባባ፣ ድምፅዎ ይኸው እዚህ ገብቷል፣ አሁን በሦስት ዲስክ ነው የማስቀምጠው" አልኳቸው። ጣታቸውን ጉሮሯቸው ላይ አደረጉ። ወደ ካሜራው ግን አልጠቆሙም። እጃቸውን ዘርግተው የሚስታቸው ትከሻ ላይ አሳረፉት።